መኪናዬ ባትታጠፍ ኖሮ

ከአደጋው ይልቅ ሲከነክነኝ የከረመው አንድ ባትላሜራ (የተጎዳ የመኪና አካል የሚያቃና ባለሙያ) ያለኝ ነገር ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ግቢዬ ውስጥ፣ አፍንጫዋ ከተጨፈለቀው ቶዮታ ዲኤክሴ ፊት ቁጢጥ ብሎ ብረቱን እየዳበሰ፣ «መምህር፣ ይቺን ከፊት በወፍራም ቱቦላሬ ብረት ላስርልህ። ከእንግዲህ ግንብ ብትመታ እንኳ ግንቡ ነው የሚፈርሰው» አለኝ። ሰውየው ሊያጭበረብረኝ አይደለም። ዋጋውንም ዝቅ አድርጎ ነው የጠራው። ከልቡ አዝኖልኝ ነው። እኔም «እሺ፣ ይሁን» ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

አላልኩም። ለምን እንዳላልኩ ግን ያኔ በቅጡ ማስረዳት አቃተኝ። የሚገርመው የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ነገሩን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ይገለብጡታል፣ ፈተና ላይ ይመልሱታል፣ ከዚያ ሁላችንም እንረሳዋለን። ያው ቀመር ስለ ገዛ ነፍስህ ሲሆን ግን ሌላ ፊት አለው።

ነገሩ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። መኪናዋ ዛሬም ትሄዳለች። የሚያውቃት ሰው ሲያያት «ያቺው ናት?» ይለኛል። ከአፍንጫዋ በቀር ያቺው ናት።

## ሲኖው ሄዷል፣ ድንጋዩ ቀርቷል

አደጋውን በአጭሩ ልንገራችሁና ልለፈው። መቼም የመኪና አደጋ ወሬ ለእኛ ብርቅ አይደለም።

ህዳር ነው፣ የጤፍ አጨዳ ጊዜ። ከአዲስ አበባ እየተመለስኩ ነበር፣ ብቻዬን። ዓባይ በረሃን በቀን ጨርሼ ደጀን ላይ ሻይ ጠጣሁ። ያንን ጠመዝማዛ ወርዶ የወጣ ሰው ደጀን ሲደርስ መንገዱን የጨረሰ ይመስለዋል። ቁልቁለቱ፣ ዳገቱ፣ ፍሬኑ የሚሸተው የጭነት መኪና፣ ሁሉም ኋላ ቀርቷል። ከዚህ በኋላ ሜዳ ነው። ግራና ቀኙ ቢጫ ማሳ፣ አስፋልቱ ቀጥ ያለ።

ችግሩ ይኸው ሜዳ የከባድ መኪኖች መተንፈሻም መሆኑ ነው። ዳገቱን በመከራ የወጣ ሲኖ የጭነት መኪና ሞተሩ ሲግል ወይ ጎማው ሲፈነዳ አስፋልቱ ላይ ቀጥ ይላል። ረዳቱ ይወርድና ከኋላ ድንጋይ ይደረድራል፣ ቅጠል ቆርጦ ይጥላል። አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን ይዞ የሚዞር ሹፌር ስንት ነው? ድንጋዩ «ተጠንቀቅ፣ መኪና ቆሟል» ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጥሩ ዘዴ ነው፣ አልነቅፈውም። ግን መኪናው ሲጠገን ሹፌሩ ይነሳል፣ ድንጋዩ አይነሳም። እሱን ሲጠብቅ የዋለው ድንጋይ ማታ ሌላ ሰው ይጠብቃል።

ያን ዕለት ማታ የጠበቀው እኔን ነው። ሉማሜ ሳልደርስ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ከፊት የሚመጣ መኪና ረጅም መብራቱን ለቀቀብኝ። ብልጭ አደረግኩለት፣ አላወረደም። አልፎኝ ዓይኔ እስኪመለስ ድንጋዮቹ ከፊቴ ናቸው። ፍሬን ረገጥኩ፣ መሪውን ወደ ቀኝ ሰበርኩ። የግራው ጎማ አንዱን ድንጋይ ነካና መኪናዋ ከእጄ ወጣች። ከአስፋልቱ ወርዳ የውሃ ማሳለፊያውን ግንብ በግራ አፍንጫዋ ገጨችው።

ሰው ሲያወራ «ጓ አለ» ይላል። እኔ የሰማሁት «ጓ» አይደለም። ደፈን ያለ ነገር ነው፤ ቆርቆሮ ላይ ጆንያ እህል ሲጣል እንደሚሰማው። ከዚያ የራዲያተሩ ፉጨት፣ የጋለ ውሃ ሽታ፣ ከሩቅ ደግሞ «ኧረ ሰው አለቀ!» የሚል ጩኸት።

አጫጆቹ ማጭዳቸውን እንደያዙ ሮጠው ደረሱ። በሩ አልከፈት አለ። በሌላው በኩል ጎትተው አወጡኝ። አንዲት እናት በሶ በጥብጠው በቅል አመጡልኝ። «ጠጣው የኔ ልጅ፣ ልብህን ያረጋዋል» አሉኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ግማሹን ደረቴ ላይ ደፋሁት። አንድ ሽማግሌ መኪናዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና መኪናዋን አዩ። «ይኼ ሁሉ ብረት ተጨማዶ፣ አንተ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የቆምከው?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። ትራፊክ ፖሊስ መጣ፣ ፕላን ተነሳ፣ ሐኪም ቤት ታየሁ። አጥንቴ ደህና ነው። ከትከሻዬ እስከ ወገቤ በቀበቶው ልክ የበለዘ መስመር አለ፣ አንድ ጉልበቴ አብጧል። እናቴ ለጊዮርጊስ የተሳለችውን አስገባች። ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሁሉ «መኪናዋ እንዲያ ሆና አንተ መትረፍህ!» ይላል። በተአምሩ አልከራከርም። የሽማግሌው ጥያቄ ግን አብሮኝ ሰነበተ። እሳቸው እንደ ሌላው ሰው አልተደነቁም፤ የምር ጠይቀውኛል።

## ክሪክ፣ ናፍጣና ፌስታል

ራሴ ልጠግናት የተነሳሁት ከጀግንነት አይደለም። ያለኝ መድን የሦስተኛ ወገን ነው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ያስገድድ የነበረውም ይህንኑ ነው። መኪናህ በሌላ ሰው አካልና ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት እንጂ ለራስህ ኮፈንና ፓራፋንጎ (የጎማ መሸፈኛ ላሜራ) ሳንቲም የለውም። ጋራዥ የጠሩልኝ ዋጋ ደግሞ የአስተማሪ ደሞዝ የሚደፍረው አልነበረም። ዘይት፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ ድሮም ራሴ ነኝ የምቀይረው። ክሪክ አለኝ፣ የቁልፍ ዓይነት አለኝ፣ ግቢው ሰፊ ነው። ምክር ደግሞ በሽ ነው። ያልተነካ ግልግል ያውቃል አይደል፤ መንጃ ፈቃድ የሌለው ጎረቤቴ ሳይቀር «ለቁርጥራጭ ብረት ሽጣትና ተገላገል» ብሎኛል።

ከትምህርት ቤት መልስ ቱታ እየለበስኩ መፍታት ጀመርኩ። ፓራውልት (የፊት መከላከያው)፣ የተሰበረው መብራትና ፍሬቻ፣ ኮፈን፣ ራዲያተር። ዳዶዎቹ ዝገው እምቢ ሲሉ ናፍጣ ቀብቼ አሳድራቸዋለሁ። ጠዋት ይለሰልሳሉ። የፈታሁትን ቡሎን በየቦታው ለይቼ ፌስታል ውስጥ አስራለሁ፣ ከየት እንደወጣ እጽፍበታለሁ። ሲፈታ ያልጻፈ ሰው ሲገጥም ቡሎን ተርፎት ያገኘዋል። ይቺን እንኳ ብዙ መካኒክ አይወዳትም፤ «በዓይኔ አውቀዋለሁ» ባይ ነው።

ከፓራፋንጎው በኋላ ነገሩ ሥራ ብቻ መሆኑ ቀረ። ያን ማታ አልከፈት ያለው በር የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ፓራፋንጎው ወደ ኋላ ተገፍቶ ስለገባበት ነው። እሱ ሲነሳ በሩ እንደ ድሮው ቀጭ ብሎ ተከፈተ፣ ቀጭ ብሎ ተዘጋ። በሩን ደጋግሜ ከፍቼ ዘጋሁት። የበሩ ፍሬም አንድ ጣት እንኳ አልተዛነፈም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ጉዳቱን ከፊት ወደ ኋላ መከተል ጀመርኩ። ፓራውልቱ ጠፍጥፏል። ራዲያተሩን የሚሸከመው ብረት ተሰብሯል። ከሱ ኋላ፣ ከሞተሩ ግራና ቀኝ ወደ ፊት የሚዘረጉ ሁለት ረጃጅም ብረቶች አሉ። የግራው ተጨማዶ ታጥፏል። ጎረቤት ካለች ሌላ ዲኤክስ ጋር ለካሁት፤ 40 ሳንቲ ሜትር ግድም አጥሯል። ሞተሩን ከመቀመጫው የሚለየው ግድግዳ ላይ ስደርስ ግን ጥቂት ጎበጥ ያለ ነገር ብቻ ነው። ከግድግዳው ወዲህ፣ እኔ የተቀመጥኩበት ጋ፣ ምንም የለም። የዳሽቦርዱ ሰዓት እንኳ እየሠራ ነው።

ዲኤክስ እንደ ላንድክሩዘር ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም። አካሏ ራሱ ሻንሲዋ ነው። ፊቷ የተመታውን መላ አካሏ ይካፈለዋል። ያን ጊዜ ገባኝ ማለት አልችልም። ጠረጠርኩ።

ቀጥሎ ቀበቶውን ሳብኩት። ትከሻ አጠገብ ባለው ቀለበት የሚያልፈው ጨርቅ ላይ እጅ የምታክል ቦታ ታበራለች። በአውራ ጣቴ ዳበስኩት። ሌላው ክፍል ሸካራ ነው፣ ያቺ ቦታ ግን ለስልሳ ደርቃለች። ቀለበቱ ውስጥ በኃይል ሲፋተግ ግሎ ቀልጦ ነው። ደረቴ ላይ ያለው ብልዘት እየጠፋ ነበር፤ የሱ ጥንድ ግን እዚህ ጨርቅ ላይ ታትሞ ቀርቷል። እዚያው መቀመጫው ላይ ቁጭ ብዬ ትንሽ ቆየሁ።

## «ግንቡ ነው የሚፈርሰው»

ባትላሜራው የመጣው በዚህ መሃል ነው። መበየድ የሚችል ሰው ስፈልግ ነው ያገኘሁት። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራው። ሥራውን ከልጅነቱ ነው የሚያውቀው። ቱቦላሬውን ያነሳው ያኔ ነው።

«ጋሼ፣ ቱቦላሬው ካለ መኪናዋ አትታጠፍም ማለት ነው?»

«በምኗ ትታጠፋለች! የድሮ መኪና ጥንካሬው ምን ነበር? ብረቱ። ያሁኑ ቆርቆሮ ነው። እኔ ነኝ ብረት የማደርግልህ።»

ልስማማ ስል በአውራ ጣቴ የዳበስኩት ጨርቅ ትዝ አለኝ። ከዚያ ሰሌዳው። መሬት ላይ በካቻቢቴ ጫፍ ጻፍኩለት። በግንቡ ላይ ስትደርስ ፍጥነቴ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነበር እንበል። በሰከንድ 11 ሜትር ግድም ነው። እኔ 70 ኪሎ ነኝ። ከዚያ ፍጥነት ወደ ዜሮ መውረዴ አይቀርም፤ ግንቡ አይለቅም። ጥያቄው በምን ያህል ርቀት ውስጥ ነው የምቆመው የሚለው ብቻ ነው። መኪናዋ ድርቅ ብላ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ብትቆም በአማካይ የሚያርፍብኝ ጉልበት የ44 ኩንታል ክብደት ያህል ነው። የአይሱዙ ጭነት በለው። ታጥፋ በ40 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ብትቆም ግን 11 ኩንታል ይሆናል። እሱም ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ላነሰ ጊዜ። ርቀቱ አራት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ሩብ ሆነ። 11 ኩንታል ያበልዛል፣ 44 ኩንታል ግን ሌላ ወሬ ነው።

«ቀበቶው ከመቀመጫው ጋር ስላሰረኝ መኪናዋ በቆመችበት ርቀት አብሬያት ቆምኩ» አልኩት። «ቀበቶ ባላስር እሷ ስትቆም እኔ እቀጥል ነበር፣ መሪው እስኪያቆመኝ ድረስ።»

ጽሑፉን አየ። ቁጥር አይፈራም፤ ብረት የሚለካ ሰው ነው። ግን አልተዋጠለትም።

«እና መኪናህ እንድትሰበር ነው የምትፈልገው?»

«አዎ» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሴም ሰማሁት። «እሷ ትሰበርልኝ።»

ሽማግሌው የጠየቁኝ ይኼው ነበር። ብረቱ ተጨማዶ እኔ እንዴት ቆምኩ? ብረቱ ስለተጨማደደ ነዋ። ከኔ ላይ የቀነሰውን ምት እሱ ወሰደው። እኔ ግን ያን ያህል ጊዜ ሁለቱን ነገሮች ለየብቻ አድርጌ ነበር የያዝኳቸው። የመኪናዋ መሰባበር ክፉ ዕድል፣ የኔ መትረፍ መልካም ዕድል፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ። አንድ ነገር ናቸው። እንዲህ ሲታየኝ መኪናዋን መጠገን ሌላ ሥራ ሆነ። ጠንካራ ላደርጋት ሳይሆን እንደገና መታጠፍ እንድትችል አድርጌ ልመልሳት ነው የሚገባኝ።

ይህ የኔ ፍልስፍና አይደለም፤ ቆየት ያለ ነው። ለመርሴዲስ ይሠራ የነበረ ቤላ ባሬኒ የሚባል መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1951 ሐሳቡን ለፈጠራ መብት አቀረበ። ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ጠንካራ ይሁን፣ ፊትና ኋላው ግን እንዲታጠፍ ሆኖ ይሠራ አለ። በዚያ ዘመን የመኪና ጥራት የሚለካው በድርቅናው ነበርና ነገሩ ለብዙ ሰው የተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 መርሴዲስ በዚህ ሐሳብ የተሠራ መኪና ለገበያ አወጣ። በዚያው ዓመት የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን የሠራው፣ በትከሻና በወገብ የሚያልፈው፣ ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው ቀበቶ በቮልቮ መኪኖች ላይ ተገጠመ፤ ቮልቮም ሌላው አምራች በነፃ እንዲጠቀምበት ፈቀደ። ሁለቱ ሐሳቦች በአንድ ዓመት መንገድ ላይ ወጡ። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው። መኪና ታጥፋ ያተረፈችልህን ርቀት የምትጠቀምበት ከመኪናዋ ጋር ከታሰርክ ነው።

ከዚህ ተነስቶ ስለ ሰው ልጅ ልብ መስበክ ይቻል ነበር። የጎጃም ወንድ አይታጠፍም፣ ወዘተ። የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሳወራለት ወዲያው ወደዚያ ነው የሮጠው። እኔ እዚያ አልሄድም። ብረት ብረት ነው፤ ሰው ሲታጠፍ ደግሞ ሐኪም ቤት ነው የሚተኛው።

## ሲባጎና ሜትር

ባትላሜራው «የተማረ ሰው ጉድ ነው» ብሎ ሳቀና ቱቦላሬውን ተወው። ቀጥሎ ያለኝ ግን ከኔ ቀመር ይበልጣል። የታጠፈውን ብረት በእሳት አሙቄና በክሪክ ገፍቼ ላቃናው አስቤ ነበር። ወጪው ትንሽ ነው። እሱ እጥፋቱን አሳየኝ። «እዚህ ጋ ደርቋል። አንዴ የታጠፈ ብረት ስታቃናው ቀጥ ያለ ይመስልሃል። ሁለተኛ ሲመታ እዚችው ላይ ይሰነጠቃል እንጂ አይታጠፍልህም። መታጠፍ አይደለም የፈለግከው?» አለኝ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባላል፤ የራሴን ክርክር ይዞ ነው የረታኝ። ፊዚክሱን አልተማረውም፣ ብረቱን ግን ከኔ በላይ ያውቀዋል።

ስለዚህ የግራውን ብረት ቆርጦ መለወጥ ግድ ሆነ። ሶማሌ ተራ የሚሠራ የድሮ ተማሪዬ ከሌላ ዲኤክስ የተቆረጠ አፍንጫ አፈላልጎ በአውቶቡስ ጣሪያ ላከልኝ። የኔ ነጭ፣ የመጣው ሰማያዊ።

ከመበየዱ በፊት የቀረውን አካል ማቃናት ነበረብኝ፤ ግጭቱ ትንሽ ወደ ጎን ስቦታል። ይህ ዓይን የሚያየው ነገር አይደለም። ፋብሪካው የበሳቸውን ቀዳዳዎች መነሻ አድርጌ ሲባጎ ወጠርኩ። ከግራ የፊት ጥግ ወደ ቀኝ የኋላ ጥግ፣ ከቀኝ የፊት ጥግ ወደ ግራ የኋላ ጥግ፣ በመስቀል። ሁለቱ ሰያፍ መስመሮች እኩል ከሆኑ መኪናዋ ቀጥ ብላለች፤ ካልሆኑ ተንጋዳለች። አልሆኑም። የኋላዋን ከግቢው ባህር ዛፍ ጋር በሰንሰለት አሰርን፣ ክሪኩን ከውስጥ አጋድመን ገፋን። ጥቂት ይገፋል፣ ይለቀቃል፣ ይለካል። ብረት ስትለቀው መለስ ይላል፤ ስለዚህ ከሚፈለገው ትንሽ አሳልፈህ ትገፋዋለህ። ልጄ የሲባጎውን ጫፍ ይይዝልኛል፣ ሜትሩን የማነበው እኔ ነኝ። ለዚህ ሥራ ትዕግሥት እንጂ ጉልበት አያስፈልግም። ሁለቱ መስመሮች እኩል የሆኑ ቀን ልጁ ከኔ በላይ ጨፈረ።

ብየዳው የባትላሜራው ነው። አዲሱን ብረት ፋብሪካው በገጠመበት መጋጠሚያ ላይ ነው የበየደው እንጂ መሃል ላይ ቆርጦ አልቀጠለም። ከላይ ማጠናከሪያ ላሜራ አልለጠፈም፤ እኔ አልጠየቅኩትም፣ እሱም እያወቀ ተወው። አንቲሩጂን ቀባን። ሞተሩን የሚያቅፉትን ጎማዎች ለወጥኩ። ራዲያተርና ቬንትሌተር ገጠምኩ።

በፓራፋንጎው ግን ልታለል ነበር። «ኦርጅናል ነው፣ አልተነካም» ተብሎ የተሸጠልኝን ከመግጠሜ በፊት ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ማግኔት ተውሼ አስጠጋሁበት። ከላይ ጥብቅ ብሎ ያዘ። ወደ ታች ሳወርደው ዘጭ ብሎ ወደቀ። ከቀለሙ ሥር ወፍራም ስቱኮ (ጉድጓድ የሚሞላበት ልጥፍ) አለ፤ ማግኔት ብረቱ ከራቀው አይይዝም። መለስኩትና ሌላ አመጡልኝ። ከዚያ ወዲህ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ጓደኛ ሁሉ ማግኔቷን ይዤ እንድመጣ ይጠራኛል።

ቀበቶውም እንዲሁ። አንዴ በኃይል የተወጠረ ቀበቶ ሁለተኛ አይታመንም፤ መለወጥ አለበት። ያገለገለ ነው የሚገኘው። የመጀመሪያው ሲመጣ ትከሻው ጋ ያለውን ጨርቅ ሳብ አድርጌ አየሁት። ያቺው የምታበራ ቦታ አለችበት። የማን እንደሆነ አላውቅም። ተርፎ ይሁን አይሁን አላውቅም። ያንንም መለስኩት።

ስቱኮዬ የተጣራ አልነበረም፣ ቀለሙም አልገጠመም። ፀሐይ ሲያርፍባት አፍንጫዋ ከአካሏ ነጣ ይላል። የጎማ አላይመንት አስተካክዬ ወደ ሉማሜ መንገድ ይዣት ወጣሁ። መሪውን ለቀቅ ሳደርገው ቀጥ ብላ ሄደች። እኔ ነኝ ቀጥ ያላልኩት። አስፋልቱ ላይ የወደቀ ጥቁር ፌስታል ባየሁ ቁጥር እግሬ ራሱ ፍሬን ይይዛል። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚባለው ይኼ ነው። አሁን ቀንሷል። አልጠፋም።

## አፍንጫ የሌላት መኪና

ይህን ሁሉ ከባለቤቴ ወንድም ፊት ሳወራ በደንብ የተማመንኩበት ነገር ተናጋ። እሱ ከደብረ ማርቆስ ፍኖተ ሰላም የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነው። የመኪናው ፊት በወፍራም ቱቦ ታጥሯል። ሙሉውን ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «ላንተ እውነት ነው» አለኝ። «ያንተ መኪና አፍንጫ አላት። ሞተሯ ከፊትህ ነው፣ ግማሽ ሜትር ታጥፋ ታድንሃለች። የኔ ሞተር ከመቀመጫዬ ሥር ነው። ከፊቴ ያለው መስታወትና አንድ ላሜራ ነው። ምኗ ይታጠፍልኝ? ጉልበቴ?»

እውነቱን ነው። እንዲህ ባለች መኪና ውስጥ ሹፌሩ ከግንቡ ጋር ፊት ለፊት ነው የተቀመጠው። ቀመሬ ውስጥ ያለው ርቀት እሱ ጋ ሲደርስ ያልቃል። ቱቦው በትልቅ ግጭት አያድነውም አልኩት፤ ምቱን ሳይቀንስ ወደ ውስጥ ያሳልፈዋል። ለመንገደኛም ክፉ ነው፤ የሚመታውን ሰው ይሰብረዋል። ራሱን ነቀነቀ። ግን ሌላም ጨመረ።

«ሌላ ደግሞ ልንገርህ። መኪናዋ የኔ አይደለችም። ባለቤቷ በየቀኑ ገቢ ይጠብቃል። መናኸሪያ ውስጥ ባጃጅ ሲነካኝ፣ አህያ ሲገባብኝ፣ መብራቴ በተሰበረ ቁጥር ጋራዥ ብገባ ልጆቼ ምን ይበላሉ? ያንተ ስትታጠፍ ታኅሣሥና ጥርን ግቢህ ውስጥ አቁመህ ጠገንካት። እኔ አንድ ቀን አላቆምም።»

ታጥፋ የምታድን መኪና ከአደጋ በኋላ ቆማ መጠገን የምትችል መኪና ናት። ለዚህ ጊዜ ያስፈልጋል፣ ደሞዝ ያስፈልጋል፣ ግቢ ያስፈልጋል። እኔ ሦስቱም ነበሩኝ፣ ትንሽ ትንሽ። ባትላሜራውን ስከራከር ይህ አልታየኝም ነበር። ያ ሰው ቱቦላሬ የሚበይደው እንደኔ ላለ ሰው ብቻ አይደለም፤ ደንበኛው አብዛኛው እንደ ባለቤቴ ወንድም ያለ ነው።

የቀረችኝ አንዲት መልስ ፍጥነት ናት። ርቀቱን ማስረዘም ካልቻልክ ፍጥነቱን ቀንስ፤ ቀመሩ ላይ ፍጥነት በራሱ ተባዝቶ ነው የሚገባው። በግማሽ ብትቀንሰው ምቱ በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፣ ወደ ሩብ ነው የሚወርደው። ከ80 ወደ 40 ስትወርድ የኔ አፍንጫ የሠራልኝን ሥራ ፍጥነትህ ይሠራልሃል አልኩት። ይቺን ወደዳት። እዚያው ቁርስ ጠረጴዛው ላይ በጣቱ ደጋግሞ አሰላት።

«እሺ፣ 40 ልንዳ» አለኝ ቀና ብሎ። «ከኋላ "ንዳው እንጂ፣ ገበያው ሊበተን ነው!" የሚሉኝን ግን አንተ መጥተህ አስተምርልኝ፣ መምህር።»